ሐኪሙን ያሸነፈው ክንድ

ለተከበሩ እትዬ፤

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ ደረጃውን ፈቀደልዎ? ያ የግራ ዓይንዎ ያለ ሐዘን ማልቀሱን ተወ ወይ? በስልክ ድምፅዎ ብርቱ ነው፤ እኔ ግን ድምፅዎን አላምነውም። ሠላሳ ዓመት ርእሰ መምህርት ሆነው ያሠለጠኑት ድምፅ ስለሆነ፣ እርስዎ ታመው ቢተኙ እንኳ እሱ ቆሞ ይናገራል። እኔ ደህና ነኝ፤ ከሙጫዬ ጋር እንደ ተጣበቅን አለን። ወንድምዎም ደህና ነው። «ደህና» ከሚለው ቃል ጋር በዚህ ዓመት ብዙ ስለ ተጣላሁ፣ ምን ያህል ደህና እንደ ሆነ በዝርዝር እጽፍልዎታለሁ።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፋት እንደሚሉ አውቃለሁ። በስልክ እኮ እርስዎ ይናገራሉ፣ እኔ «እሺ እትዬ» እላለሁ፣ ከዚያ ስልኩ ይዘጋል። ባለፈው እሑድም «የእንክብካቤ ቤቱ አልጋ ተገኝቷል፤ በወሩ መጀመሪያ መኪና ልኬ አስወስደዋለሁ፤ ልብሱን አጣጥፈሽ ጠብቂ» ሲሉኝ ሦስት ጊዜ እሺ ብያለሁ። ሦስቱንም እሺ በዚህ ደብዳቤ መልሼ ወስጃለሁ። መኪናውን አይላኩት እትዬ፤ ወንድምዎን አይውሰዱብኝ። ይኸው፣ ዋናውን ነገር ተናገርኩ። ወረቀት ላይ ማንም አያቋርጠኝም፣ እርስዎም ቢሆኑ። አሁን መነጽርዎን ጠረግ ጠረግ አድርገው ቀሪውን ያንብቡልኝ።

በዓይንዎ ያዩትን አልክድም። በመጡ ዕለት፣ ዛሬ ሰባት ሳምንት ይሆነዋል፣ ወንድምዎ ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ ጉንጩ ሾርባው ውስጥ ነበር። እርስዎ «ትኩስ ቢሆንስ ኖሮ!» ብለው ጮኹ። እኔ ሾርባው ከቀረበ ቆይቶ መቀዝቀዙን ልነግርዎ አፌን ከፈትኩና፣ ያ ደግሞ የባሰ እንደሚመስል ሲገባኝ መልሼ ዘጋሁት። ሲቀሰቅሱት ቀና ብሎ «እንኳን ደህና መጣሽ እማዬ» አለዎትና ተመልሶ ተኛ። በሾርባው ይሁን በእማዬ አላውቅም፣ አለቀሱ። «ይሄ ሰው እያለቀ ነው፤ የጭንቅላቱ ጉዳት እየባሰበት ነው» አሉ፤ ከዚያ ወዲህ በየስልኩ አልጋ ሲያፈላልጉ ሰነበቱ። ልብዎ ለእሱ እንደሚቃጠል አውቃለሁ። ነገር ግን ያን ቀን ያዩት ጉዳቱን አይደለም። ያዩት ክኒኑን ነው። ከክኒኑ ጀርባ ራሱ ወንድምዎ አለ፤ ከወንድምዎ ጀርባ ደግሞ እኔ አለሁ። በተራ እናዘዛለሁ።

የሚያውቁትንም ቢሆን ልድገመው፤ የሚያውቁት በእርስዎ በኩል የነበረውን ነውና። ወንድምዎ የጥርስ ሐኪም ቤት ታቤላ እየጻፈ ከመሰላል የወደቀ ጊዜ እኔና እሱ ከተለያየን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኖን ነበር። (ታቤላው እስከ ዛሬ «የጥርስ ሐኪ» እንዳለ ነው፤ ሰውም ለምዶት እንዲያው ይጠራዋል።) ጥሎኝ ሲሄድ ምን ብሎኝ እንደ ሄደ ነግሬዎት አላውቅም። «ከአንቺ ጋር መኖር ከግድግዳ ጋር መኖር ነው፤ ግድግዳ እንኳ ይሻላል፣ ይጻፍበታል» ነው ያለኝ። ለዚህ ጥሩ መልስ ነበረኝ። የመጣልኝ ግን በሦስተኛው ቀን ነው፤ እሱ ደግሞ የሄደው በመጀመሪያው ቀን ነው።

አሥራ ዘጠኝ ቀን ራሱን ሳያውቅ ቆይቶ ሲነቃ፣ ለነርሷ መጀመሪያ የተናገረው ነገር «ሚስቴ የት ቀረች? ሁሌ እንዳረፈደች ነው» የሚል ነበር። ያ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ከሰሌዳ ላይ እንደ ተጠረገ ጠመኔ ጠፍቷል። እርስዎ ደውለው ጠሩኝ፤ እጄን እንኳ ሳልታጠብ በረርኩ፤ ገና ከበሩ ስገባ በማርፈዴ ተቆጣኝ። እርስዎ ክንዴን ይዘው ወደ ኮሪደሩ አወጡኝና «ሐኪሙ አታስደንግጡት ብሏል፤ ስለ መለያየታችሁ ለጊዜው ትንፍሽ እንዳትዪ» አሉኝ። ትንፍሽ አለማለት ከወረቀት ከረጢት ሥራዬ ቀጥሎ የተካንኩበት ሙያ ስለሆነ ተቀበልኩ። ከሆስፒታል ሲወጣ ወዴት ይሂድ የሚል ጥያቄም አልተነሳም። እሱ ራሱ ለአምቡላንሱ ሾፌር የእኔን ቤት አድራሻ «ቤቴ» ብሎ ነገረው። ጥሎኝ ሲሄድ የተከራያት ክፍል ቁልፍ እርስዎ ጋ ቀረ።

የመጀመሪያዎቹ ወራት፣ አይታዘቡኝና፣ ደስ ይሉ ነበር። ጉዳቱ የግራ ክንዱን አጥፎ ደረቱ ላይ ለጥፎታል፤ የግራ እግሩን ደግሞ እንደ ምሰሶ ገትሮታል። እሱ ግን ለሁለቱም ሥራ ሰጣቸው። በግትሩ እግር ላይ ተመርኩዞ ይቆማል፤ እንደ ኮምፓስ እየተሽከረከረ ከአልጋው እስከ መስኮቱ ይሄዳል። በታጠፈው ክንዱ መሃል ደግሞ ሁለት መቶ ወረቀት አስገባለታለሁ፤ ጥርቅም አድርጎ ይይዝልኛል፤ እኔ ጠርዙን ሙጫ እቀባለሁ። «የብረት መያዣ፣ ሞርሳ ብትገዢ እንደ እኔ አይናገርሽም ነበር» ይለኛል። እውነቱን ነው። ሞርሳ «ይሄኛው ጠሟል፣ ያኛው ሰፍቷል፣ ይሄንን የሠራሽው ዓይንሽን ጨፍነሽ ነው» አይልም። ወንድምዎ ግን ታቤላ ጻፊ ስለሆነ መስመር ሲጠም ያመዋል።

ችግሩ ያ ክንድና እግር በድንገት እየተኮማተሩ ማስጮኻቸው ነበር። የነርቭ ሐኪሙ ጡንቻ የሚያላላ ክኒን አዘዘለት፤ ግማሽ ግማሽ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። እውነት ለመናገር ክኒኑ ጥሩ ነበር። መኮማተሩ ቀነሰ፤ ወንድምዎም ጎረቤት ሳይሰማው ሸሚዝ መልበስ ቻለ። እዚያ ላይ ቢቆም ኖሮ ይህ ደብዳቤ ባልተጻፈ።

ግን በየወሩ ቀጠሮ አለ። ክሊኒኩ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍቱ ላይ ያለው «በጥገና ላይ ነው» የሚል ወረቀት እርጅና ብጫ አድርጎታል። ወንድምዎ ደረጃውን እያቃሰተ ይወጣል፣ ቀዝቃዛ የብረት ወንበር ላይ ሁለት ሰዓት ይቀመጣል፣ ሲጠራ እሱም ብረት ሆኖ ይገባል። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፤ እጁ ግን በረዶ ነው። ክንዱን ይይዝና ባንዴ ሳብ ያደርገዋል። ክንዱ ንቅንቅ አይልም። እንደገና ይስባል። ወይ ፍንክች! «አሁንም በጣም ግትር ነው፤ መጠኑን ትንሽ ከፍ እናድርገው» ይላል። ቀጥሎ «ሌላስ እንዴት ነዎት?» ሲለው ወንድምዎ ደረቱን ነፍቶ «ደህና ነኝ!» ይላል። እኔን የጠየቀኝ የለም፤ ቢጠይቀኝም ደህና ነው እል ነበር።

ከሁለተኛው ቀጠሮ ስንመለስ የወንድምዎ ፊት በርቷል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆም አለና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «አየሽው አይደል? በሁለት እጁ ሳበኝ እኮ! አቃተው!» አለኝ። ምኑ እንዳቃተው አልገባኝም። «ጉልበቴን ነዋ የሚፈትነው! ባለፈው ሊያሸንፈኝ ትንሽ ነበር የቀረው፤ ዛሬ ግን ጥርሴን ነክሼ ያዝኩበት» አለ። እትዬ፣ ሐኪሙ የሚያየው ክንዱ ምን ያህል እንደ ላላ መሆኑን ወንድምዎ ጨርሶ አልተረዳም። በየወሩ ከሐኪሙ ጋር ግብግብ ይገጥማል፣ በየወሩ ያሸንፋል፣ ባሸነፈ ቁጥር ሐኪሙ ክኒን ይጨምርለታል።

ግማሹ አንድ ሆነ። አንዱ አንድ ተኩል ሆነ። በሦስተኛው ድል ሁለት ገባ። ክሊኒክ ውስጥ ብረት የሆነው ሰውዬ ቤት ሲደርስ እርጥብ ፎጣ ሆነ። ያ ምሰሶ እግሩ ሊቆምበት ሲል እጥፍ ይላል። ወረቀቱን ክንዱ ውስጥ ሳስገባለት ሁለት መቶውም ወለሉ ላይ ይዘረገፋል። ፊዚዮቴራፒስቷ፣ ያቺ ወንድምዎ «ኮሎኔሏ» የሚላት፣ እግሩን አንስታ ስትለቀው ዱብ ሲል አይታ «ይሄን እግር ማን ሰረቀው? ባለፈው ሳምንት እዚህ ነበር እኮ!» አለች። ምላሱም ተሳሰረ። ሊቆጣኝ «አንቺ…» ብሎ ይጀምርና ስድቡ ሳይደርስ ያንኮራፋል። አንዳንዴ ከሰዓት በኋላ ይነቃና የቀረችውን ስድብ ብቻዋን ይወረውራታል፤ ለማን እንደ ሆነች ግን ረስቶታል።

አሁን የእኔ ተራ ነው።

ትምህርቴ ከማጥፈው ወረቀት ላይ የለቀምኩት መሆኑን ያውቃሉ። የማተሚያ ቤት ብላሽ፣ የተጣለ መጽሔት፣ የተማሪ ደብተር፣ አንዱንም ሳላነብ አላጥፍም። ስለዚህ የማውቀው ሁሉ ግማሽ ነው። ንብ ወደ አዲስ ቀፎ እንዴት እንደምትገባ አውቃለሁ፤ ማሩ እንዴት እንደሚወጣ የሚናገረው ገጽ ግን አልደረሰኝም። የኪራይ ውልን እስከ አንቀጽ አሥራ አንድ አውቃለሁ። አንድ ነገር ማድረግ ሲገባኝ ሳላደርገው ስቀር «ያ ገጽ አልደረሰኝም» የምትል ሰበብ ሁልጊዜ ነበረችኝ። ክኒኑ ካርቶን ውስጥ የነበረው ወረቀት ግን ሙሉ ነው። ከላይ እስከ ታች፣ በፊትም በጀርባም። እንቅልፍ እንደሚያበዛ፣ ጡንቻን ሲያላላ አቅምንም አብሮ እንደሚወስድ፣ ሐሳብንና ትዝታን እንደሚያደበዝዝ፣ አንጎሉ ተጎድቶ የሚያውቅ ሰው ላይ ደግሞ ይህ ሁሉ እንደሚብስ ይናገራል። «ለሐኪምዎ ይንገሩ» የሚለውንም አንብቤያለሁ። ሁለት ቦታ ላይ አለ።

ከዚያች ከደረጃው ወሬ ጀምሮ ሁሉንም አውቅ ነበር እትዬ። ሁለት ወር ዝም አልኩ። ዝምታ ልማዴ ነው ብዬ ላመልጥ እችል ነበር፤ ግን እሱ አይደለም። ወንድምዎ ክኒኑ ሳይበዛበት በፊት ትዝታው ጠብ ጠብ እያለ ይመለስ ነበር። አንድ ቀን የጓደኛውን ልጅ ስም ያስታውሳል፤ ሌላ ቀን ከመውደቁ ስድስት ወር በፊት የጻፈውን ታቤላ። በዚህ አካሄዱ ጥሎኝ የሄደባት ቀን ላይ መድረሱ አይቀርም። ሲደርስባትስ? ኮቱን ለብሶ እንደገና ይወጣል ብዬ ፈራሁ። እንቅልፍ የያዘው ሰው ደግሞ የትም አይሄድም። ከነሾርባው የእኔ ነበር። ይኸው ነው ኃጢአቴ። ለእርስዎ የምናገረውም «እየባሰበት ነው» ብለው ሊወስዱብኝ ስለሆነ ነው። ያባሰበት የወንድምዎ ጉራና የእኔ አፍ ነው፤ ጉራው ስላልተከደነ፣ አፌ ስላልተከፈተ።

እርስዎ በሄዱ በሁለተኛው ቀን፣ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበርና፣ ታች የሌለው ከረጢት ሠራሁ። በላይ ሲከቱበት በታች የሚያፈስ። ከእንቅልፉ ቢነቃልኝ ብዬ ለወንድምዎ ሰጠሁት፤ እንዲህ ያለ ሥራ ካየ የሞተም ቢሆን ይነሳል ብዬ ነው። ተቀበለኝ። አገላበጠው። በአንዱ አፍ በኩል አየኝ፣ በሌላኛው በኩል አየኝ። «ጎሽ፣ ጥሩ ነው» አለኝ።

ከተጋባን ጀምሮ ከዚህ ሰው አፍ ይህችን ቃል ስጠብቅ ኖሬያለሁ። ስትመጣ እንዲህ ሆዴን እንደምታባባው ማን አወቀ! ጓዳ ገብቼ ከረጢቱን ፊቴ ላይ ደፍቼ አለቀስኩ። ከረጢቱ ለዚህ እንኳ አልሆነም፤ በታች በኩል ሁሉም ይሰማል። ቀና ስል ግን ልቤ ቆርጦ ነበር። ትቶኝ የሚሄድ ከሆነ በእግሩ ይሂድ፤ ይሄ ሁሉ ነገር ጥሩ ነው የሚል እንግዳ ግን ቤቴ ውስጥ አይከርምም አልኩ።

ቀጠሮው እስኪደርስ ዘጠኝ ቀን ነበረኝ። የሚሆነውን ሁሉ በየሰዓቱ ጻፍኩ፤ ደብተር ስላልነበረኝ በከረጢት ላይ፣ በቀን አንድ ከረጢት። ዘጠኙን አቅፌ ገባሁ። ወንድምዎ እጅጌውን እየሰበሰበ ለግብግብ ሲዘጋጅ «ዶክተር፣ ዛሬ መጀመሪያ እኔ ላውራ» አልኩ። ቢያዩት፣ ወንድምዎ ከሐኪሙ ይበልጥ ደነገጠ። ሐኪሙ ከረጢቶቹን ሲያይ ምግብ የያዝኩለት መሰለውና «ኧረ እናቴ፣ ምን አስቸገረዎት» አለ። ባዶ መሆናቸውን ሲያይ ፈገግ ብሎ ጮክ እያለ ማንበብ ጀመረ። «ሁለት ሰዓት፣ ክኒን። ሦስት ሰዓት፣ እየላጨሁት ተኛ፤ ግማሽ ፂም። አምስት ሰዓት፣ የኮት መስቀያውን እንደምን አደርክ አለው። ስምንት ሰዓት፣ ክኒን። ዘጠኝ ሰዓት፣ ሊቆም ሲል እግሩ ከዳው፤ ሁለታችንም ወለል ላይ። አሥር ሰዓት፣ አሁንም ወለል ላይ፤ ጎረቤት እስኪመጣ ሃያ ከረጢት አጠፍኩ።» አራተኛው ከረጢት ላይ ሳቁ ጠፋ። የቀሩትን በልቡ አነበባቸው።

«ቤት ውስጥ ክንዱ እንዴት ነው?» አለኝ። «እንደ ካልሲ» አልኩት። «ታዲያ እዚህ ለምንድን ነው የሚገትረው?» አለኝ። ወንድምዎ ዓይኑን እያጉረጠረጠ እንዳትናገሪ ይለኛል። ተናገርኩ። የደረጃውንም ወሬ፣ ጥርስ መንከሱንም፣ ሁሉንም። ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠና «ጌታዬ፣ እውነት በጉልበት ነው ይይዙብኝ የነበረው?» አለው። ወንድምዎ ትንሽ አሰብ አደረገና «ሦስት ለዜሮ ነው» አለ።

ሐኪሙ ለሁለታችንም ረጋ ብሎ አስረዳን። ክኒኑ ክንድና እግር ብቻ መርጦ አያላላም፤ አንጎልንም ያደክማል። የተጎዳ አንጎል ነቅቶ ለመቆየት ያለ ክኒኑም ትግል ላይ ነው፤ ሲደራረብበት ይሸነፋል። ያ መገተር ሁሉ ደግሞ ጠላት አይደለም፤ ሰውዬው የሚቆመውም በዚያው መገተር ነው አለ። «እንግዲያው ዛሬውኑ ላቁምለት» ስለው ግን ከወንበሩ ተነሳ። በድንገት ከቆመ የሚጥል በሽታ ሊያስነሳና ሕይወቱን ሊያሰጋ ይችላል፤ በሳምንት ትንሽ ትንሽ እየቀነስን ነው የምንወርደው፣ እንደ መሰላል አለ። «መሰላል አትበልብኝ» አለው ወንድምዎ። ልንወጣ ስንል ሐኪሙ «ይህን ሁሉ ለምን ቀደም ብለው አልነገሩኝም?» ብሎ ጠየቀኝ። ለእሱ አልመለስኩለትም። መልሱን ለእርስዎ ጽፌያለሁ።

ይኸው ስድስተኛ ሳምንታችን ነው። ወደ አንድ ክኒን ወርደናል፤ ከዚህ ወዴት እንደምንሄድ ሐኪሙ ያውቃል። መኮማተሩ አልፎ አልፎ ይመጣል፣ ያኔ ይጮሃል፤ አልደብቅዎትም። ሞርሳውም ሁለት መቶ ሳይሆን መቶ ሃያ ነው የሚይዘው። ግን እግሩ ተመልሷል፤ ኮሎኔሏም «ሌባው አዝኖ መለሰው» ብላለች። ሾርባውን ነቅቶ ይጠጣል፤ ጨው አንሶታል ይላል። ትናንት አንድ ሙሉ ቁጣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳያቋርጥ ተቆጣኝ። እኔም እዚያው በቦታው፣ ሦስት ቀን ሳልጠብቅ፣ መለስኩለት። አፉን ከፍቶ አየኝ። ከዚያ ወዲህ በቀን ሁለት ጊዜ ያህል እንጣላለን፤ ጎረቤት ደህና ናችሁ ወይ ብሎ ይመጣል።

ትዝታውስ ካሉኝ፣ እየመጣ ነው። የት እንደ ደረሰ አልጠይቀውም። ኮቱን በር ሥር ሰቅዬለታለሁ፤ አልሸሸግኩትም። ስገባ ስወጣ ግን አየዋለሁ።

ይህን ስጽፍልዎ አጠገቤ ሆኖ ወረቀት ይዞልኛል። ለማን እንደምጽፍ ጠየቀኝ፤ ለእህትህ አልኩት። «እንግዲያው የእኔንም መልእክት ጨምሪበት» አለኝ፤ እሱ እንዳለው አስቀምጣለሁ። አንደኛ፣ ሰላም ብሎዎታል፤ ሌላ ጊዜ ሲመጡ ቀድመው ይደውሉ ብሏል፣ ሸሚዝ እንዲቀይር። ሁለተኛ፣ ያንን አልጋ ለታመመ ሰው ይስጡት ብሏል። ሦስተኛውን ከመናገሩ በፊት በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። ከዚያ እንዲህ አለ፦ «ከቀለም መደብሩ ጀርባ የተከራየኋትን ክፍል ባለቤቱ ለሌላ ሰው ያከራያት በያት። ቁልፉ እሷ ጋ መሆን አለበት። የሚገባው ሰው ደግሞ አልጋውን ከግድግዳው ያርቅ፤ ዝናብ ሲመጣ በዚያ በኩል ታፈሳለች።»

እጄ ቆመ። ቀና ብዬ አየሁት። «ምን ታዪኛለሽ፣ ጻፊው እንጂ!» አለኝ፤ «መስመርሽ ደግሞ ወደ ታች እየሄደ ነው።»

ስለዚህ ጻፍኩት። ሌላ አልጠየቅኩትም፤ እርስዎም ሲደውሉ ባይጠይቁት ደስ ይለኛል። ቁልፉን ብቻ ለባለቤቱ ያድርሱልን።

ለእኛ ያሰቡትን ያህል ፈጣሪ ለእርስዎም የሚያስብ ሰው አያሳጣዎ። ቤትዎን የሰላም፣ ቀንዎን የብርሃን ያድርግልዎ። በድፍረቴ ከተቀየሙኝም ይጻፉልኝ፤ አሁን መልስ መስጠት ችያለሁ።

አክባሪዎ፣
የወንድምዎ ሚስት